የሚጠበቅ ሁኔታ

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ መነሣት፣ አምስት ጊዜ መቀመጥ ነው። ምን ትሠራ ነበር፣ የት ኖርክ፣ የቱ ጋ ያምሃል የሚል ጥያቄ የለም። ሲያበቃ ወንበሩ ያመሰግናል። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ በወረቀት ይደርሳል። በዚህ ከተማ ወረቀት የሚላክላቸው ያረጁ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቢሮው ይህን ከአክብሮት ይቆጥረዋል።

በ2079 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አክስቴ ሶስና ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሦስተኛው ላይ ቀረች። እጇን ከደረቷ አላቅቃ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ወንበሩ አመሰገናት። እሷም ምንም አይደል አለችው። ማሽንም ቢሆን ምስጋናውን ሳትመልስ የምትሄድ ሴት አልነበረችም።

እትዬ ሶስና የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። እናትና አባቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲያርፉ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የተወለድኩት እዚሁ ሰሜን፣ ሰው አገር ስለሆነ አማርኛዬ በሙሉ ከእሷ አፍ የወጣ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ በወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ ድስቱ ሲፈላ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው እንፋሎት ላይ በጣቷ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ፣ ፊደሉ ወርዶ ሳያልቅ መጨረስ ነበረብኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቡ አጠገብ በነበረ የአረጋውያን ቤት ሠርታለች። ሥራዋ ሰው ማንሣት ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ መልሶ ወደ አልጋ። በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት አንሺዎቹ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ግራጫ ሰደርያ ይለብሱ ነበር፤ ሰደርያው የክንዳቸውንና የወገባቸውን እንቅስቃሴ እየመዘገበ ይወስድ ነበር። ወስዶ ሲበቃው ሰው አንሺው የማሽን ክንድ ተሠራ። አንሺዎቹ በአንድ ዓርብ ተሰናበቱ።

ዛሬ የአረጋውያን ቤት የሚባል የለም። ሰው በየቤቱ ያረጃል። ጣሪያው ላይ ሐዲድ ይዘረጋለታል፤ ክንዱ በሐዲዱ እየሄደ ያነሣዋል፣ ያጥበዋል፣ ወደ አልጋው ይመልሰዋል። ክንድ የተፈቀደለትን ማለቴ ነው።

ልጅ አልወለደችም። ክንዱን ልጄ ትለው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አምጬ የወለድኩት ትላለች።

ከኮሪደሩ ማዶ አቶ ሃልቮር ይኖራሉ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው የድልድይ ተቆጣጣሪ ነበሩ። አክስቴ ገና ጎረቤት ሲሆኑ ጀምሮ ጋሼ ሃልቮር ስለምትላቸው፣ ጋሼ የስማቸው የአማርኛ ክፍል መስሏቸው ኖረዋል። የገና ካርዳቸው ላይ ሳይቀር «ጋሼ ሃልቮር» ብለው በላቲን ፊደል ይፈርማሉ። ማንም አላረማቸውም። በዚያው ሳምንት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አራተኛውን መነሣት አቃታቸው። ደብዳቤው በደረሳቸው በዘጠነኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች መጥተው ሐዲዱን ዘረጉላቸው።

እትዬ ሶስና በየጠዋቱ የሐዲዱን ድምፅ በግድግዳው በኩል ትሰማለች። እሑድ እሑድ ስሄድ ታስቀኛለች።

«ድሮ ሲመርቁኝ ጧሪ ቀባሪ አይንሳሽ ይሉኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «አልነሱኝም። ግን የጎረቤት ጧሪ ሰጡኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመንገር የራሴን ሥራ መናገር አለብኝ።

የምሠራው የእንክብካቤ ቢሮው ውስጥ ነው። ቢሮው ደብዳቤውን በአሥራ አራት ቋንቋ ይልካል። የሚተረጉመው ማሽን ነው፤ ደንቡ ግን በየቋንቋው አንድ ሰው አንብቦ እንዲፈርም ያዛል። የአማርኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። የማነበው የደብዳቤውን ቅጽ እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ደብዳቤ አይደለም። ቅጹን ያነበብኩት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

እያንዳንዱ ሰው የሚለካው በዘሩ ሠንጠረዥ ነው። የእኛ አራተኛው ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ጥቁር ሰው ከነጩ ቀድሞ እንደሚጎብጥ፣ ዓይኑ ቀድሞ እንደሚደክም፣ ቀድሞ እንደሚወድቅ ያስተዋሉ ቅን ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን ለማጥበብ ሲሉ ለኩት። የለኩት ነገር እያደር ልክ ሆነ። በሠንጠረዥ አንድ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ወንድ አምስቱንም መነሣት አለበት፤ ካልቻለ አንድ ነገር ሆኗልና ክንድ ይላካል። በሠንጠረዥ አራት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ሁለት ጊዜ ከተነሣች ምንም አልሆነችም። እኔም ሠንጠረዥ አራት ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ደረጃ መውጣት እንደማልችል ተጽፏል።

ማሽኑ ያቀረበልኝ ዓረፍተ ነገር፣ «ሁኔታዎ ለዘርዎ የተለመደ ነው» የሚል ነበር። ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በአጉሊ መነጽር፣ ቃል በቃል፣ ለዘርዎ የተለመደ የሚለውን ሲያነቡ ታዩኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። የዘሩን ነገር አውጥቼ በሠንጠረዡ ቁጥር ተካሁት፤ የተለመደ የሚለውን ደግሞ ለስለስ ባለ ቃል ለወጥኩት። «ሁኔታዎ በሠንጠረዥ አራት መሠረት የሚጠበቅ ነው።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፈረምኩ። ኃላፊዬ እንዳማረ ነገረችኝ፤ አማርኛ ግን አታነብም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ እትዬ ሶስና ደወለች። ደብዳቤው መጥቷል፣ ተመስገን፣ ጥሩ ነው አለችኝ። ስለ ዘመድ ደብዳቤ መጠየቅ ለቢሮው ሠራተኛ ክልክል ነው። ደግሞም ድምፅዋ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ያለውን ትልቅ ሰው እስኪ አንብቢልኝ ማለት አላመነችኝም ያሰኛል። ክንዱ ተፈቀደላት ብዬ ደስ አለኝ። መቼ እንደሚመጣ ብቻ ጠየቅኋት። ጠብቂ ብለውኛል አለች።

በተከታዩ እሑድ ስሄድ ቤቱ ተለውጦ ጠበቀኝ። ከመኝታ ቤቱ እስከ መታጠቢያው ያለውን ጠባብ መተላለፊያ አራግፋዋለች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል። የጫማ መደርደሪያውን ለታችኛው ፎቅ ሰዎች ሰጥታዋለች። ከአልጋዋ ተነሥታ ስትሄድ ግራ እጇን የምታሳርፍበት ትልቁ ቁምሣጥን ሳይቀር ሳሎን ገብቷል፤ የጋሼ ሃልቮር ልጅ መጥታ ነበርና እሷ ገፋችላት። በክር የጣሪያውን ርዝመት ለክታ፣ ቁጥሩን የደብዳቤው ፖስታ ጀርባ ላይ ጽፋለች። ሐዲድ ዘርጊዎቹ ሲመጡ ሰው ቤት ዕቃ ሲያነሡ መቆማቸው ነውር ነው አለችኝ።

እኔም አግዣታለሁ። የመጨረሻዋን በርጩማ ከመንገዱ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ አለፈ። ጥር ገባ። ሳምንት በሳምንት ስጠይቃት አንድ ዓይነት መልስ ነበራት፤ በረዶው መንገድ ዘግቶባቸው ይሆናል፣ ከእኔ የባሰ ሰው ይኖራል፣ ወረፋ ነው። ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ሐዲዱ ሲንቀሳቀስ እየሰማች ልጄ ተነሣ ትላለች፤ ከዚያ እሷም ልትነሣ ትሞክራለች።

በጥር አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ መተላለፊያው መሐል ወደቀች። የሚያዝ ነገር አልነበረም። ስልኳ አልጋው ላይ ነበር። በጫማዋ ግድግዳውን መታች።

አቶ ሃልቮር ሰምተዋታል። በዚያን ሰዓት ክንዱ ላይ ሆነው ከገንዳው በላይ፣ ራቁታቸውን፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ተንጠልጥለው ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ ፊታቸው ቀላ። ክንዱን ወደ ጎረቤት ሂድ ብለው አዘዙት። ክንዱ ይዟቸው እስከ በራቸው ሄደ። ሐዲዱ በሩ ላይ ያልቃል። ደግመው አዘዙት፣ ክንዱ መልሶ ገንዳው ጋ ወሰዳቸው። አድርቆና አልብሶ ስልካቸው አጠገብ እስኪያስቀምጣቸው ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ክንዱ አይቸኩልም፤ አለመቸኮልንም የተማረው ከእሷ ነው።

ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት ስደርስ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አስወጥታ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች። ከተቀበለች በኋላ ብዙ ጊዜ እንዳነበበችው ያስታውቃል፤ እጥፋቱ ሳስቷል። ወረቀቱን ገና ሳየው ታችኛው ጥግ ላይ ስሜን አየሁ። አርሴማ ናሁሠናይ፣ አረጋጋጭ።

ጣቷን ከመስመሩ ሥር አሳረፈች፤ በልጅነቴ መስኮቱ ላይ እንደምታሳየኝ።

«ሁኔታዎ የሚጠበቅ ነው ይላል» አለች። «ሦስት ወር ሊሆነው ነው። እስኪ አንቺ ቢሮ ነሽና ጠይቂልኝ። ማን ነው የሚጠብቀው?»

እየጠበቁኝ ነው ብላ ነበር የኖረችው። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ሁኔታዋን በዓይኑ ይዞ እንደ ከብት፣ እንደ ቤት፣ እንደ ሕፃን የሚጠብቅላት መስሏት። ከታች፣ «በውሳኔው ካልተስማሙ በዘጠና ቀን ውስጥ ያሳውቁ» ይላል። ተስማምታለች። ለምን አትስማማ? ሰማኒያ ሁለተኛው ቀን ነበር።

ቃሉን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ምን ለማለት ነበር አለችኝ። እንደ አንቺ ያለ ሰው እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ የሚላክ ነገር የለም ለማለት ነው አልኳት።

ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው።

«አማርኛ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «እንግዲህ ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው። አታልቅሺ፣ እዚህ ሰው አለ።»

በማግስቱ ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ቃሉ ስሕተት እንደሆነ ተናገርኩ። ጥፋቴን ጽፌ ፈረምኩ። ከኃላፊዬ ክፉ ቃል አልወጣም። ሻይ አቀረበችልኝ፤ ቃሉ በአማርኛ ስንት ትርጉም እንዳለው ጠየቀችኝና በማስታወሻዋ ያዘች። ደብዳቤው ለሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰዎች ያህል ተልኳል። ስንቶቹ ዕቃቸውን ከመንገድ እንዳነሡ የሚያውቅ የለም፤ ወንበሩም አይጠይቅም። ቢሮው በአንድ ቀን አረመው። ማሽኑ መጀመሪያ ያቀረበው ዓረፍተ ነገር ተመለሰ፤ ለሁሉም አዲስ ደብዳቤ ተላከ፤ ዘጠና ቀኑም እንደገና ተጀመረ። የተለወጠው ቃሉ ነው። ውሳኔው ያው ነበር።

አዲሱ ደብዳቤ ሲደርስ እትዬ ሶስና ቤቷ ተመልሳ ነበር። ቁምሣጥኑን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ አሁን ግን የሚደገፍበት የለም። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሁኔታዎ ለዘርዎ የተለመደ ነው።

«የፊተኛው ይሻል ነበር» አለች። «የፊተኛው ጠባቂ ነበረው።»

ይግባኙን እኔ ጻፍኩት፤ እሷ ፈረመች። ይግባኝ ያለ ሰው ወንበሩ ላይ እንደገና መቀመጥ አለበት። በቃሬዛ ወስደው አስቀመጧት። ምንም አልተነሣችም። ወንበሩ አመሰገናት፣ እሷም መለሰችለት። በሠንጠረዥ አራት፣ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷት ዳሌዋ የተሰበረ ሴት ምንም አለመነሣቷ የተለመደ ነው። መልሱ ይህ ነበር፤ ትርጉሙን የፈረመ ሌላ ሰው ነው። እኔ ፈቃድ ወስጄ እሷ ዘንድ ገብቻለሁ።

ሰው ማንሣት የተማርኩት በዚያን ጊዜ ነው። አስተማሪዬ የምትነሣዋ ራሷ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን ከብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ጮኸች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ድንች መሰልኩሽ እንዴ አለችኝ። መዳፌን ከትከሻዋ አጥንት ሥር እንዳስገባ አደረገችኝ። ወዲያው አይነሣም። ሰውየው ትንፋሹን እስኪያወጣ ይቆያል፤ ሰው አየር ይዞ ሳለ ካነሡት ይፈራል። ትንፋሹ ሲወጣ ክብደቱም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በጉልበት፣ በወገብ አይደለም። እሷ በወገቧ ያነሣቻቸው ጊዜያት ምን እንዳደረጓት በቀኝ ዳሌዋ አሳየችኝ፤ ሰው ሲበዛ ሰዓት ሲያንስ በወገብ ይነሣል አለች። በቀን ሃያ ስድስት ሰው። ሠንጠረዡ ውስጥ ይህ የለም።

ከተቀመጠች በኋላ እጄን ላወጣ ስል አስቆመችኝ።

«ቆይ። ጀርባውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጊያለሽ። ከዚያ እጅሽን አታንሺ። እግሩ መሬቱን እስኪያምነው ጠብቂ።»

ለምን ሁለቴ እንደሆነ ጠየቅኋት። አላውቅም፣ እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ አለች። እኔም ትዝ አለኝ፤ ስድስት ዓመቴ ሳለ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ጀርባዬ ላይ ያረፈው ይኸው ነበር። ሁለቴ መታ መታ፣ ከዚያ የማይነሣ እጅ።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። በየቀኑ እየተሻለኝ ሄደ፤ እየቀለለችም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሐዲዱ ሲንቀሳቀስ፣ ልጄ ቀደመሽ እያለች ትተርበኛለች፤ እኔ የማነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ገና ተማሪ ነኝ እላታለሁ። መጋቢት ላይ ሳንባዋ ተያዘ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መዳፌን ከትከሻዋ ሥር አስገብቼ ትንፋሽ እስክታወጣ ቆየሁ። አወጣች። እያነሣኋት ሳለ መልሳ አላስገባችም። እንደተማርኩት አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋን ሁለቴ መታሁ፤ እጄን ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ።

ከቢሮው የመጣው የሞት ማረጋገጫ አንድ ገጽ ነው። የምክንያት ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ምክንያት የሚጻፈው ላልተጠበቀ ሞት ነው። ከሥሩ፣ «ከሠንጠረዡ ዕድሜ በሦስት ወር በልጠዋል» ይላል። አንዳንዶች ይህን መስመር ፍሬም አድርገው ይሰቅሉታል።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱን ለማስረከብ ዕቃ ስሰበስብ አቶ ሃልቮር በስልክ ጠሩኝ። በራቸው ክፍት ነበር። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ለቀብሩ ያሰሩትን ጥቁር ክራባት አላወለቁም። መምጣት ስላልቻሉ ሥርዓቱን አልጋቸው አጠገብ ባለው የምስል መስታወት ተከታትለዋል፤ ክንዱ ክራባቱን ሲያስርላቸው አንድ ጊዜ ተሳስቶ እንደገና ጀምሮ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሊያሳዩኝ እንደሚፈልጉ፣ ሞኝነት መስሎ ከታየኝ ይቅርታ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝና ክንዱን አዘዙት።

ክንዱ ከጥጉ በሐዲዱ መጣ። መዳፉን ከትከሻቸው አጥንት ሥር አስገባ። ወዲያው አላነሣቸውም፤ ቆየ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን አወጡ። በዚያች ቅጽበት አነሣቸውና ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። ጀርባቸውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

እጁን አላነሣም።

ሐዲዱን የዘረጉትን ሠራተኞች እንደጠየቋቸው ነገሩኝ። መታ መታው ከድሮ መዝገብ የቀረ ስሕተት ነው፣ ቢወጣ ግን የሰው ልብ ስለሚፈጥን ትተነዋል አሏቸው። የመጨረሻውን ግን እነሱም አያውቁትም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይቆያል» አሉኝ። «ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም።»

መሬቱ ላይ ያረፉትን እግሮቻቸውን አየሁ። ቀጭን ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በቋንቋቸው ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። እዚያ ቋንቋ ውስጥ መጠበቅ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። አልመረጥኩም። በአማርኛ ነገርኳቸው።

«እርስዎን ነው የሚጠብቀው፣ ጋሼ ሃልቮር።»

ከንግግሬ የገባቸው ስማቸው ብቻ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። እግራቸው ጸና፤ እጁም ቀስ ብሎ ተነሣ።